ባሕር ዳርና ጎርጎራ ላይ የወረዱ ሁለት መብረቆች፦ «በአንድ ጊዜ» የሚባለው የማየት ጉዳይ ነው ወይስ የጊዜ?

የወደቡ ዳር (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የባሕር ዳር ነዋሪ ነኝ፤ ሙያዬ የሒሳብ ሥራ ሲሆን ፊዚክስን የማነበው በትርፍ ጊዜዬ ነው። ከአንድ ወዳጄ ጋር የገባሁበት ክርክር ሦስት ሳምንት ስላስቆጠረ፣ ተሸናፊው ሐይቁ ዳር የዓሣ ምሳ እንዲጋብዝም ስለተወራረድን፣ ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ቢዳኘን ብዬ ጉዳዩን በዝርዝር አቀርባለሁ።

ነገሩ የተነሣው በነሐሴ ወር አንድ ምሽት ነው። በሐይቁ ዳር መንገድ ላይ ቆመን ሳለ በስተ ሰሜን፣ በጎርጎራ አቅጣጫ፣ ሰማዩ ብልጭ አለ፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ከኋላችን ከተማው ላይ ሌላ መብረቅ ወረደ። እኔ «ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወረዱ» ስል ወዳጄ ሣቀና «አይንስታይን እንዳለው ከሆነ እንዲህ ብለህ መናገር አትችልም፤ አሁን ከጎርጎራ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ መርከብ ቢኖር ተሳፋሪው አንደኛው መብረቅ ቀድሟል ይላል፤ አንተም እሱም ግን ትክክል ናችሁ» አለኝ።

የእኔ መቃወሚያ እንዲህ የሚል ነበር። መብረቅ ወርዶ ነጎድጓዱ ከቆይታ በኋላ ሲሰማ ማናችንም ሁለቱን የተለያዩ ክስተቶች አናደርጋቸውም፤ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ እንደሚጓዝ ስለምናውቅ መንገድ ላይ የፈጀውን ጊዜ ቀንሰን መብረቁ የወረደበትን ትክክለኛ ቅጽበት እናገኛለን። ብርሃንም ቢሆን መንገድ ላይ ጊዜ ይፈጃል፤ እንግዲያው የመርከቡም ሰው የዳሩም ሰው ብርሃኑ የዘገየበትን ጊዜ በትክክል ቢቀንሱ አንድ መልስ ላይ መድረስ አለባቸው። በእኔ አስተያየት ይህ «አንጻራዊነት» የሚሉት ነገር ቅናሹ ሳይሠራ የሚነገር የዕይታ ልዩነት ብቻ ነው።

ወዳጄ በበኩሉ በሰዓት አቆጣጠር ሊያስረዳኝ ሞከረ፤ እኛ ጧት 1 ሰዓት የምንለውን ፈረንጆቹ 7 ሰዓት እንደሚሉት ማለት ነው አለ። ይህም አላረካኝም፤ ያ የስም ልዩነት ስለሆነ ስድስት ሰዓት ደምሮ ወይም ቀንሶ ማስማማት ይቻላልና። ደግሞስ የክስተቶች ቅደም ተከተል እንደ ተመልካቹ የሚገለባበጥ ከሆነ፣ ከመንትዮች መካከል ብኩርና የማን እንደሆነ ማን ሊፈርድ ነው?

ጡረተኛው መምህር

የተከበሩ ጠያቂ፣ ከሁለታችሁ ክርክር ያተረፍሁት አንድ ነገር አለ፦ ሁለታችሁም የያዛችሁት ማስረጃ ትክክል አይደለም፤ የወዳጅዎ መደምደሚያ ግን ትክክል ነው። ፊዚክስ ሳስተምር በኖርሁባቸው ዓመታት ተማሪዎች በዚህ ርዕስ የሚሰናከሉት ሁልጊዜ እርስዎ በቆሙበት ቦታ ላይ ስለነበር ከዚያው ልጀምር።

መንገድ ላይ የዘገየውን ጊዜ መቀነስ ግዴታ ነው። አንጻራዊነት ይህን ቅናሽ አይሽርም፤ ከቅናሹ በኋላ ነው የሚጀምረው። ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ በሐይቁ ላይ ቀጥታ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ነው ብንል ብርሃን ይህን ርቀት በ233 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ያቋርጠዋል (ማይክሮ ሰከንድ የሰከንድ ሚሊዮንኛ ነው)፤ ስለዚህ እርስዎ ባሕር ዳር ቆመው ሁለቱን ብልጭታዎች በአንድ ቅጽበት ካዩ የጎርጎራው በ233 ማይክሮ ሰከንድ ቀድሞ ወርዷል ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ተራ ሒሳብ ነው። የመርከቡም ሰው ይህንኑ ቅናሽ ከራሱ ቦታ ተነሥቶ ይሠራል። ጥያቄው ሁለቱም ቅናሻቸውን አንድም ስሕተት ሳይኖርበት ከሠሩ በኋላ ይስማማሉ ወይ የሚለው ነው፤ መልሱም አይስማሙም ነው።

ምክንያቱን ለማየት መብረቁን ለጊዜው እንተወውና አንድ መርከብ እናስብ። ከመርከቡ መሐል የቆመ ሰው ሁለት ኳሶችን በእኩል ኃይል አንዱን ወደ ፊት አንዱን ወደ ኋላ ይወርውር። በመርከቡ ውስጥ ላለ ሰው ኳሶቹ ሁለቱን ጫፎች እኩል ይመታሉ። ከዳር የሚመለከተው ሰው የኋለኛው ጫፍ ወደ ኳሱ እንደሚመጣ፣ የፊተኛው ጫፍ ደግሞ ከኳሱ እንደሚሸሽ ያያል፤ ነገር ግን ወደ ፊት የተወረወረው ኳስ የመርከቡ ፍጥነት ስለተጨመረለት የሚሸሸውን ጫፍ በዚያው ልክ ያሳድደዋል፣ ወደ ኋላ የተወረወረው ደግሞ የመርከቡ ፍጥነት ስለተቀነሰበት ይዘገያል። በኒውተን ሒሳብ ማካካሻው ፍጹም ስለሆነ ሁለቱም ሰዎች «ኳሶቹ እኩል ደረሱ» ብለው ይስማማሉ። እስከ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ድረስ «በአንድ ጊዜ» የሚለውን ቃል ማንም ያልተጠራጠረው ይህ ማካካሻ ሳይታወቅ ሁልጊዜ ስለሚያድነን ይመስለኛል።

አሁን ኳሱን በፋኖስ እንተካው። ፋኖሱ ከመሐል ብልጭ ሲል ብርሃኑ ወደ ሁለቱም ጫፎች ይሄዳል። ከዳር ሆኖ ለሚያየው ሰው የኋለኛው ጫፍ አሁንም ወደ ብርሃኑ ይመጣል፣ የፊተኛውም ይሸሻል፤ ይሁን እንጂ በዚህ ጊዜ ማካካሻ የለም። ብርሃን ምንጩ ቢሮጥም ባይሮጥም፣ ተመልካቹ ቢቆምም ቢሄድም፣ በሰከንድ 299,792,458 ሜትር ከመጓዝ አይጨምርም አይቀንስም። ማይክልሰንና ሞርሊ የተባሉ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1887 ምድር ፀሐይን ስትዞር በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትጓዘው ጉዞ በብርሃን ፍጥነት ላይ ልዩነት ያመጣ እንደሆነ በጥንቃቄ ፈትሸው የጠበቁትን ልዩነት አላገኙም። የጣናን ማዕበል ወደ ፊት የሚቀድም ጀልባ ማዕበሉ ከእሱ አንጻር ዝግ ሲል ያየዋል፤ ብርሃንን በዚህ መንገድ ሊያዘገየው የቻለ የለም።

ልዩነቱ ለዓይን እንዲገዝፍ መርከቡን ከማይቻል ፍጥነት ላይ እናድርሰው፤ ርዝመቱ 30 ሜትር ይሁን፣ በብርሃን ፍጥነት ስድስት ዐሥረኛም ይሂድ። ለተሳፋሪው ከመሐል እስከ እያንዳንዱ ጫፍ 15 ሜትር ስለሆነ ብርሃኑ በ50 ናኖ ሰከንድ ከሁለቱም ይደርሳል፤ ናኖ ሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ነው። ከዳር ላለው ሰው ግን፣ በአንጻራዊነት ሕግ የሚንቀሳቀስ ነገር በጉዞው አቅጣጫ ስለሚያጥር፣ መርከቡ ወደ 24 ሜትር አጥሯል፣ ከመሐል እስከ ጫፍም 12 ሜትር ነው፤ ብርሃኑ ወደ እሱ ከሚመጣው የኋለኛ ጫፍ በ25 ናኖ ሰከንድ ሲገናኝ የሚሸሸውን የፊተኛ ጫፍ የሚደርስበት በ100 ናኖ ሰከንድ ነው። ለአንዱ ሰው ፍጹም እኩል የሆኑት ሁለቱ ክስተቶች ለሌላው የ75 ናኖ ሰከንድ ልዩነት አላቸው። በዚህ ስሌት ውስጥ ከጫፎቹ ወደ ማንም ዓይን የተጓዘ ብርሃን አልተቆጠረም፤ ስለ ማየት ምንም አልተናገርንም።

አይንስታይን ይህን የጻፈበት ጽሑፍ ለመጽሔቱ አዘጋጆች የደረሰው ሰኔ 23 ቀን 1897 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1905) ሲሆን ሰውየው ያኔ በበርን ከተማ በፓተንት ቢሮ የተቀጠረ የ26 ዓመት ወጣት ነበር። ጽሑፉ ስለ ኤሌክትሪክና ማግኔት ቢሆንም በመጀመሪያው ክፍሉ ያነሣው ጉዳይ ግን ባቡር ጣቢያ ላይ የቆመ ሰው «ባቡሩ በ7 ሰዓት ይደርሳል» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ መመርመር ነው። መልሱም የባቡሩ መድረስና የሰዓቱ ትንሽ ዘንግ 7 ላይ መሆን በአንድ ጊዜ ይሆናሉ ማለት ነው የሚል ነበር። ሰዓቱና ባቡሩ አንድ ቦታ እስከሆኑ ድረስ ይህ ችግር የለበትም፤ ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ ክስተቶች ተራርቀው ሲገኙ ነው።

የብኩርናውን ጉዳይ ለብቻው እመለስበታለሁ።

የወደቡ ዳር (ጠያቂ)

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የኳሱና የፋኖሱ ንጽጽር በሦስት ሳምንት ያልገባኝን ነገር አስገብቶልኛል። ነገር ግን አሁንም እጅ አልሰጠሁም። የሚንቀሳቀሰው መርከቡ ነው፣ የቆመው ዳሩ ነው። እንግዲያው የመርከቡ ሰው ሞኝ ካልሆነ በስተቀር «እኔ እየተጓዝሁ ነው፣ ስለዚህ የፊተኛው ጫፍ ከብርሃኑ እየሸሸ ነው» ብሎ የራሱን ጉዞ በስሌቱ ውስጥ ማስገባት አለበት፤ ይህን ካደረገ 25 እና 100 የሚሉትን ቁጥሮች እሱም ያገኛቸዋል፣ ስምምነትም ይሆናል። እውነተኛው «በአንድ ጊዜ» የዳሩ ነው ማለት አይቻልም?

ሌላም ልጠይቅ፦ በእኛ ሐይቅ ላይ በሚጓዝ በእውነተኛ መርከብ ልዩነቱ ስንት ይሆናል?

ቀያሹ

መምህር እስኪመለሱ ድረስ በሥራዬ በኩል የማውቀውን ልጨምር። የመሬት ቅየሳ ባለሙያ ነኝ፤ ከጂፒኤስ መቀበያ ጋር ውዬ አድራለሁ።

«ዳሩ ቆሟል» ያሉትን ይመርምሩት። ባሕር ዳር ከምድር ዙረት የተነሣ በሰከንድ 455 ሜትር ገደማ ወደ ምሥራቅ ትሮጣለች፤ ምድር ራሷ በፀሐይ ዙሪያ በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ትጓዛለች፤ ፀሐይም በጋላክሲያችን ውስጥ በሰከንድ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች። የመርከቡን ሰው «ጉዞህን በስሌትህ ውስጥ አስገባ» ካልነው እኛም ጉዟችንን ማስገባት ይኖርብናል፤ ግን የትኛውን? በምን አንጻር የሚለካውን? ቆሞ የሚገኝ የመጨረሻ ዳር ቢኖር ኖሮ ስምምነት ይገኝ ነበር፤ ብርሃንን በመለካት እንዲህ ያለውን ዳር ማግኘት የቻለ ግን የለም። በዚህ ምክንያት የመርከቡ ሰው «እኔ ቆሜያለሁ፣ ጣና ነው ወደ ኋላ የሚሄደው» ብሎ ቢያሰላ ሊያርመው የሚችል መሣሪያ የለንም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስመጣ፣ ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የመርከቡን ፍጥነት በሁለቱ ቦታዎች ርቀት ያባዙና ለብርሃን ፍጥነት ካሬ ያካፍሉ። መርከቡ በሰከንድ 5 ሜትር ቢጓዝ፣ ርቀቱም 70 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ውጤቱ ወደ 4 ፒኮ ሰከንድ ማለትም የሰከንድ ትሪሊዮንኛ አራት እጅ ነው። በዳር ላለው ሰው ከቅናሽ በኋላ በትክክል በአንድ ጊዜ የወረዱት መብረቆች ከጎርጎራ ወደ ባሕር ዳር ለሚጓዘው ተሳፋሪ የባሕር ዳሩ በ4 ፒኮ ሰከንድ ቀድሞ ወርዷል። ይህን ከ233 ማይክሮ ሰከንዱ የብርሃን መዘግየት ጋር ሲያስተያዩት መዘግየቱ ከ60 ሚሊዮን እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ሁለቱ ነገሮች ለየቅል መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ቁጥር አላገኘሁም። ባጃጅ በሰከንድ 10 ሜትር እየሄደ 380 ሜትር የሆነውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ሲያቋርጥ በድልድዩ ሁለት ጫፎች መካከል ያለው ተመሳሳይ ልዩነት ከዚህም በመቶ እጅ ገደማ ያንሳል።

ይህ ትንሽነት ግን አያታልልዎ። የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆነው የሚልኩት ምልክት እኛ ዘንድ የሚደርሰው ቢያንስ ከሰከንድ ሰባት መቶኛ ገደማ ጊዜ በኋላ ነው፤ በዚያች ጊዜ ውስጥ ባሕር ዳር ከምድር ጋር ስትዞር 30 ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ተጉዛለች። የጂፒኤስ ሥርዓት ስለዚህ «በአንድ ጊዜ» የሚለውን ቃል የሚተረጉምበትን ማዕቀፍ አስቀድሞ መምረጥ ነበረበት፤ የመረጠውም በምድር እምብርት ላይ ተተክሎ ከምድር ጋር የማይዞረውን ነው። መቀበያዬ ይህን ማረሚያ ባይሠራ የአንድ ገበሬ የእርሻ ድንበር ጎረቤቱ ማሳ ውስጥ ይገባ ነበር። ለነገሩ የድንበር ክርክር ያለ አይንስታይንም አልጠፋብንም።

የበለጠ የሚያስገርመው ይህ ነው። ከባሕር ዳር ተነሥተን ወደ ምሥራቅ በሰዓት ላይ ሰዓት እየደረደርን፣ እያንዳንዱን ከጎረቤቱ ጋር በብርሃን ምልክት እያመሳሰልን፣ ከምድር ጋር እየዞርን እንዳልሆነ አድርገን ምድርን ብንዞርና ተመልሰን ባሕር ዳር ብንደርስ፣ የመጨረሻው ሰዓት ከመጀመሪያው ጋር በ200 ናኖ ሰከንድ ገደማ አይገጥምም። እያንዳንዱ እርምጃ ትክክል ሆኖ ሳለ ድምሩ ራሱን ይቃረናል። በምድር ላይ ያሉትን ሰዓቶች በሙሉ የምናስማማበት መንገድ ምርጫ የሚጠይቅ መሆኑን እኔ ያመንሁት ይህን ስረዳ ነበር።

ሰዓት ጠጋኙ

እኔ የተማርሁ ሰው አይደለሁም፤ ሰዓት እጠግናለሁ። ሆኖም መምህር ያስቀመጡትን መርከብ ሁለት ሌሊት ሳሰላው ቆይቼ ያገኘሁት ነገር ስላለ ስሕተት ካለበት እንዲያርሙኝ ላቅርበው።

በመርከቡ ሁለት ጫፎች ላይ ተሳፋሪው ያመሳሰላቸው ሁለት ሰዓቶች ይኑሩ፤ ፋኖሱ ሲበራ ለእሱ ሁለቱም ዜሮ ያሳያሉ፣ ብርሃኑ ሲደርስባቸውም ሁለቱም 50 ያሳያሉ። ይህ 50 የታተመ ያህል ነው፤ ብርሃኑ ሰዓቱን ሲመታው ዘንጉ የት እንደነበር ከዳር ያለውም ሰው ሊክደው አይችልም። እንግዲህ ከዳር ያለው ሰው የኋለኛው ሰዓት በ25ኛው፣ የፊተኛው በ100ኛው ናኖ ሰከንድ ተመታ እያለ ሁለቱም 50 ማሳየታቸውን እንዴት ያስረዳል?

መጀመሪያ «የሚንቀሳቀስ ሰዓት ይዘገያል» የሚለውን ብቻ ይዤ ብሞክር አልሠራም። በዚህ ፍጥነት ሰዓቱ የሚዘገየው በ1.25 እጅ ስለሆነ በዳሩ 75 ናኖ ሰከንድ ውስጥ የመርከቡ ሰዓት የሚቆጥረው 60 ነው፤ ሁለቱ ሰዓቶች ከመነሻው የተስማሙ ቢሆኑ ኖሮ የፊተኛው ከኋለኛው በ60 በልጦ መገኘት ነበረበት። እኩል 50 ማሳየታቸው የሚገባኝ የኋለኛው ሰዓት ለዳሩ ሰው ቀድሞውኑ በ60 ናኖ ሰከንድ ቀዳሚ ከሆነ ብቻ ነው፤ ማለትም የኋለኛው 50 ሲያሳይ የፊተኛው ገና ከዜሮ በታች 10 ላይ ነው። ፍጥነቱን በመርከቡ ርዝመት አባዝቼ ለብርሃን ፍጥነት ካሬ ሳካፍል ይኸው 60 ወጣ። ቀያሹ ለሐይቁ የተጠቀሙበት ሒሳብ ነው።

እኔ ዘንድ የሚመጣ ሰው «ሰዓቴ ይቀድማል» ወይም «ሰዓቴ ይዘገያል» ይላል፤ ምክንያቱ አንዳንዴ የአካሄድ ጉድለት ነው፣ አንዳንዴ በስሕተት መሙላት ነው፣ ሁለቱን የማይለይ ጠጋኝም ደንበኛውን ያጣል። እዚህ ላይ ግን የመርከቡ ሰዓቶች በተሳፋሪው ዘንድ አካሄዳቸውም አሞላላቸውም ምንም እንከን የለውም፤ ከዳር ሲታዩ ግን ይዘገያሉም፣ እርስ በርስም አይስማሙም። የርዝመቱ ማጠር፣ የሰዓቱ መዘግየትና የሰዓቶቹ አለመስማማት አብረው ካልተያዙ ሒሳቡ አይዘጋም። ብዙ ሰው «እኔ ያንተ ሰዓት ዘገየ እላለሁ፣ አንተም የእኔ ዘገየ ትላለህ፣ ይህ እንዴት ይሆናል» ብሎ የሚጨነቀው ሦስተኛውን ስለሚረሳ ይመስለኛል።

ዘጌ ማዶ

ፍልስፍና ያጠናሁ ነኝ፤ በመምህርና በቀያሹ አገላለጽ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። መምህር ብርሃን ወደ ፊትም ወደ ኋላም በእኩል ፍጥነት እንደሚሄድ ተፈጥሮ ራሷ ያረጋገጠችልን አድርገው ተናግረዋል። በመለካት የምናውቀው ግን ብርሃን ሄዶ ሲመለስ የሚፈጀውን ጊዜ ብቻ ነው። የመሄጃውን ለብቻው ለመለካት ከወዲያኛው ጫፍ ሌላ ሰዓት ያስፈልገናል፤ ያን ሰዓት ከእኛ ጋር ለማመሳሰል ደግሞ የብርሃንን የመሄጃ ፍጥነት አስቀድመን ማወቅ አለብን፤ ነገሩ አዙሪት ነው።

አይንስታይን ይህን አዙሪት ያውቀው ነበር፤ ብርሃን ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ለመሄድና ከዚያ ለመመለስ የሚፈጀው ጊዜ እኩል ነው የሚለውን ያስቀመጠው በፍቺ መልክ ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፖዋንካሬም ከእሱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1898፣ ሁለት የተራራቁ ክስተቶች በአንድ ጊዜ መሆናቸውን በቀጥታ የምናውቅበት ስሜት እንደሌለንና ለአሠራር የሚመቸንን ደንብ እንደምንመርጥ ጽፏል። ኋላ ጀርመናዊው ፈላስፋ ራይኸንባህ መሄጃውና መመለሻው እኩል ባይሆኑም ድምራቸው እስካልተቃወሰ ድረስ ከማንኛውም ልኬት ጋር የማይጋጭ ፊዚክስ መሥራት እንደሚቻል አሳየ። ስለዚህ «በአንድ ጊዜ» አንጻራዊ ብቻ ሳይሆን በከፊል ስምምነት ነው ማለት ይቻላል፤ በዚህ ረገድ የጠያቂው ወዳጅ ያመጡት የ1 ሰዓትና የ7 ሰዓት ምሳሌ እንደተናቀው ያህል ባዶ አይደለም።

ጡረተኛው መምህር

ሰዓት ጠጋኙ ወንድሜ፣ ስሌትዎ ምንም ስሕተት የለበትም። «የተማርሁ አይደለሁም» ያሉትን ግን ይሠርዙት፤ ዲግሪ ይዘው ሦስተኛውን ነገር የሚረሱ ብዙ አይቻለሁ።

የዘጌ ማዶውን ማሳሰቢያ በከፊል እቀበላለሁ። «ተፈጥሮ አረጋገጠች» የሚል ስሜት ከሰጠሁ ቃሌን አርማለሁ፤ የመሄጃና የመመለሻ እኩልነት የምንጀምርበት ውል ነው። ይሁን እንጂ ፈላስፋው ዴቪድ ማላመንት እ.ኤ.አ. በ1977 እንዳሳየው፣ የክስተቶችን የምክንያትና የውጤት ትስስርና የአንድን ተመልካች የጉዞ መስመር ብቻ ይዘን ስንነሣ፣ ከእነዚህ ሊገነባ የሚችለው ከንቱ ያልሆነ የ«በአንድ ጊዜ» ትርጉም የአይንስታይኑ ብቻ ነው። የማላመንት መነሻዎች ራሳቸው ክርክር እንዳስነሡ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ውሉ እንደ ሰዓት ስያሜ በዘፈቀደ የተገባ አይመስለኝም። የ1 ሰዓቱና የ7 ሰዓቱ ምሳሌ የሚጎድለው ደግሞ ሌላ ነገር ነው፦ ስድስት ሰዓት ሲደመር ለባሕር ዳርም ለጎርጎራም እኩል ይደመራል፣ ስለዚህ በአንዱ አቆጣጠር እኩል የሆኑ ክስተቶች በሌላውም እኩል ናቸው። የመርከቡ ልዩነት ግን በየቦታው የተለያየ ነው፤ ከርቀት ጋር ያድጋል። በአንድ ቁጥር ደምሮ ማስማማት የማይቻለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ብኩርናው እንምጣ፤ ጠያቂው ሊፈሩ የሚገባቸው ይህ ነበር፣ የሚያጽናናውም መልስ ያለው እዚሁ ላይ ነው። ቅደም ተከተላቸው ሊገለበጥ የሚችለው በመካከላቸው ብርሃን እንኳ ሊደራረስ የማይችል ክስተቶች ብቻ ናቸው። ባሕር ዳርና ጎርጎራ ላይ የወረዱት መብረቆች በዳሩ ሰው ዘንድ ከ233 ማይክሮ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ከተለያዩ፣ በበቂ ፍጥነት ለሚጓዝ አንድ ተመልካች ቅደም ተከተላቸው ሊለወጥ ይችላል። ከዚህ በላይ ከተለያዩ ግን የመጀመሪያው ለሁለተኛው መልእክት ሊልክ ይችል ስለነበር በማንኛውም ፍጥነት የሚጓዝ ተመልካች አይገለብጣቸውም። መንትዮችን ብንወስድ፣ አንዱ ከሌላው በዐሥር ደቂቃ ቀድሞ ቢወለድ ብርሃን በዐሥር ደቂቃ 180 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ከምድር እስከ ፀሐይ ያለው ርቀት እንኳ 150 ሚሊዮን ገደማ ነው። ብኩርናው ለክርክር እንዲቀርብ ታናሹ ከፀሐይ ማዶ መወለድ ይኖርበታል። በአንድ ቤት፣ በአንዲት እናት የተወለዱ መንትዮች ቅደም ተከተል ለሁሉም ተመልካች አንድ ነው። ያደረጉት ነገር ካስከተለው ነገር በፊት መሆኑም እንዲሁ ለሁሉም አንድ ነው።

የሚጠፋው «አሁን» የምንለው ቃል ለመላው ዓለም የሚዘረጋ መሆኑ ነው። የሒሳብ ሊቁ ሚንኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1908 ኮሎኝ ላይ ባደረገው ንግግር ቦታና ጊዜ ለየብቻቸው ጥላ ሆነው እንደሚቀሩና የሁለቱ አንድነት ብቻ ራሱን ችሎ እንደሚቆም የተናገረው ይህን ይዞ ነው። ርቀቱ እጅግ ሲበዛ ትንሽ እርምጃ እንኳ ዋጋ ያገኛል። አንድሮሜዳ የሚባለው ጋላክሲ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፤ በግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት ይባላልና ምሳሌው ከቤታችን ብዙ አልራቀም። በሐይቁ ዳር መንገድ ላይ አንዱ ቆሞ ሌላው በአጠገቡ በሰከንድ 1.4 ሜትር ወደዚያ ጋላክሲ አቅጣጫ እየተራመደ ቢያልፈው፣ ሁለቱ «አንድሮሜዳ ላይ አሁን እየሆነ ያለው» የሚሉት በአራት ቀን ገደማ ይለያያል። ማናቸውም ግን ያን «አሁን» 2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሳያልፍ ሊያዩት ስለማይችሉ ልዩነቱ አንዱን ነቢይ አያደርገውም። ከዚህ ተነሥተው የወደፊቱ ጊዜ ሁሉ ተጽፎ ያለቀ ነው የሚሉ ፈላስፎች እንዳሉ የዘጌ ማዶው ያውቃሉ፤ እኔ እዚያ ድረስ አልከተላቸውም።

ቀያሹ

በአጭሩ አንድ ነገር ላክል፦ ባሕር ዳር ላይ ያለ ሰዓት ሐይቁ ከባሕር ጠለል 1,786 ሜትር ገደማ ከፍ ስላለ ብቻ ባሕር ጠለል ላይ ካለው በቀን 17 ናኖ ሰከንድ ያህል ይቀድማል። ይህ ስለ ስበት የሚናገረው የአጠቃላዩ የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ ሥራ ስለሆነ ከዚህ ክርክር ጋር እንዳይቀላቀል፤ በጂፒኤስ ሳተላይት ላይ ግን ሁለቱ ይደመራሉ። ከፍጥነቱ የተነሣ በቀን ወደ 7 ማይክሮ ሰከንድ ይዘገያል፣ ከከፍታው የተነሣ ወደ 45 ይቀድማል፣ ተጣርቶ 38 ገደማ ይቀድማል።

የወደቡ ዳር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሒሳብ ሰው ስለሆንሁ ሳልፈትሽ አልተቀበልሁም፤ የመምህርን መርከብ ወደ ብርሃን ፍጥነት ስምንት ዐሥረኛ ከፍ አድርጌ ሠራሁት። ለዳሩ ሰው መርከቡ ወደ 18 ሜትር ያጥራል፤ ብርሃኑ የኋለኛውን ጫፍ በ16.7፣ የፊተኛውን በ150 ናኖ ሰከንድ ያገኘዋል፣ ልዩነቱም 133.3 ነው። በሰዓት ጠጋኙ መንገድ ደግሞ የሁለቱ ሰዓቶች አለመስማማት 80 ናኖ ሰከንድ ሆነ፤ የሰዓቱ መዘግየት በዚህ ፍጥነት አምስት ሦስተኛ እጅ ስለሆነ 80ን በዚያ ባባዛው ይኸው 133.3 መጣ። ሁለቱ መዝገቦች እስከ ሳንቲሟ ገጠሙ።

የዚያን ምሽቱን ጉዳይ ስመለከተው፣ ሁለቱን ብልጭታዎች በአንድ ቅጽበት አየሁ እንጂ በአንድ ጊዜ አልወረዱም፤ የጎርጎራው በ233 ማይክሮ ሰከንድ ቀድሟል፣ ይህም ለዳሩም ለመርከቡም ሰው ሲሠላ የሚለያየው በ4 ፒኮ ሰከንድ ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር በራሴ ቅናሽ ራሴ ተሸነፍሁ። ወዳጄ ይህን ሲሰማ ዓሣውን ዛሬውኑ ካልጋበዝህ አለኝ፤ እኔ ደግሞ የ1 ሰዓትና የ7 ሰዓት ምሳሌው ውድቅ ስለሆነ ቡናውን እሱ እንዲከፍል ተከራክሬ አስማምቼዋለሁ። ቅዳሜ በ6 ሰዓት ወደቡ ጋ እንገናኛለን፤ ባሕር ዳር ያላችሁ ብትመጡ ደስ ይለናል።